ባለ እርሳሱ

ሃምሳ ፔሶ ሲለኝ ጨረስነው በሠላሳ፤
ሽፋኑ የተላጠ፣ ጠርዙ የተበሳሳ፣
ከኢሎኢሎ ወደብ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ፣
ገልጠው ሲያራግፉት ጉንዳን የሚያመነጭ።

ስምህ አልነበረም፤ እርሳስህ ግን ነበር፣
በየጥያቄው ሥር ቀጥ ያለች መስመር፤
«ሀ» የተከበበ፣ «ሐ» የተሰረዘ፣
እዚያ የቆረጠ፣ እዚህ የፈዘዘ።

እኔ ክሪሳንቶ ነኝ፣ አርባ አራት ዓመቴ፤
አሥራ ዘጠኙ አልፏል በፒንሳ፣ በካቻቢቴ።
ጣሪያ ሥር ስሳብ ኖርሁ በአፌ ይዤ ሽቦ፣
በአይጥ ኩስ ላይ ሁሉ ላቤ ተንጠባጥቦ።
ሥራው የእጄ ሆኖ ፊርማው ግን የሌላ፤
ፓላብሪካ ፈርሞ እኩሌታውን በላ።
ፈቃድ አለዋ እሱ! ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣
በመስታወት ዘግቶ፣ በወርቅ ቀለም ኩሎ።

ከተማ ያለው ማሰልጠኛ ዐሥራ ሁለት ሺህ ይላል፤
በዚያ ገንዘብ ጣሪያዬ ሁለት ጊዜ ይከደናል።
ስለዚህ መምህሬ አንተ ነህ፣ ባለ እርሳስ፤
እከራከርሃለሁ ዶሮ እስኪጮህ ድረስ።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ስተሃል፣ ወንድሜ፤
በዚህ መልስ ብሠራ ደርቄ እቀር ነበር ቆሜ።
ገጽ አርባ ላይ ደግሞ ልክ ነህ፤ እኔ ነኝ የሳትሁት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በግምት የሠራሁት።
የሽቦውን ውፍረት በጣቴ እለካለሁ፤
«ስንት ካሬ ሚሊ ነው?» ሲሉኝ እፈዛለሁ።
እጄ የሚያውቀውን ምላሴ አያውቀውም፤
ፈተናው ደግሞ እጅን አይጠይቀውም።

ከምዕራፍ ሰባት ወዲያ እርሳስህ ደረቀ።
«ሰነፍ!» አልሁ፤ «ይኼኔ መሸታ ቤት ወደቀ።»

ትናንት፣ ቮልት በአምፔር ሳካፍል፣ ጠፋ መብራቱ፤
ጊማራስ ድረስ ጨለመ ባሕሩም መሬቱ።
ሚስቴ ከፍራሽ ላይ ሳቀች በጨለማ፦
«የመብራት ሠራተኛው! ሻማ ላምጣ፣ ሻማ?»

አመጣች። በብርጭቆ ግርጌ አቆመችልኝ፣
ከመጽሐፉ ጎን፣ ዝቅ አድርጋ።
የሻማው ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት፣
ምዕራፍ ሰባት ላይ፣ እርሳስህ ባበቃበት፣
የተፋቀ ጽሑፍ ጉድጓዱ ታየኝ፤
ፊደል በፊደል ጣቴ እያነበበልኝ፦

«ሕፃኑ ተነሣ። ላጥባው።
ነገ እቀጥላለሁ።»

ላጥባው።

አንቺ ነሽ ለካ።
ያን ሁሉ ሌሊት ወንድሜ ያልሁሽ፣
ሰካራም ያልሁሽ፣ በሚስቴ ፊት ያማሁሽ።
ገጽ ሠላሳ አንድ እንኳ በአንድ እጅ የተጻፈ፣
ሌላኛው እጅሽ ሕፃኑን ያቀፈ።
በዚህ ሥራ ላይ ሴት አላጋጠመችኝም፤
ወይ አጋጥማኝ ነበር፣ መሰላል ስትይዝልኝ፣
ቀና ብዬ ካልሆነ ዝቅ ብዬ አላየሁም።

ነገ አልሽ። ከነገ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ንጹሕ ነው፤
ጉንዳን ብቻ ተመላልሶበታል።
ልጅሽ አሁን ስንት ዓመቱ ይሆን?
መጽሐፉን የሸጠው ማን ነው? አንቺ ነሽ?
ወይስ ፈቃድሽን ሰቅለሽ፣
እንደ ፓላብሪካ በመስታወት ዘግተሽ፣
«ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብለሽ?
(እንደዚያ ይሁን። እኔ ግን ሠላሳ ፔሶውን አስባለሁ።)

ሁለት ሰዓት ቆይቶ ኮረንቲው ሲመጣ
ሰፈሩ እየጮኸ ከየደጁ ወጣ፤
የጎረቤት ሬዲዮ ካቆመበት ዘፈነ፤
አምፖሌ ከላይ በራ፤ ገጹ ነጭ ሆነ።

ጽሑፍሽ የለም።
ያን አምፖል እኔው ነኝ የሰቀልሁት፣ በልኩ፣
ከጠረጴዛው መሐል ትክክል፣
ጥላ እንዳይጥል ብዬ።

ለፈተናው ዐሥራ ሰባት ቀን ቀረ።
ስምንትን በብዕር ልጀምር አስቤ ነበር፣
በማይጠፋው፣ በሰማያዊው።
ተውሁት። የልጄን እርሳስ ከቦርሳዋ ሰረቅሁ፣
ጫፉ የታኘከውን።

ምዕራፍ ስምንት። ጥያቄ አንድ።
ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

«ለ» ይመስለኛል።
አንቺስ?