የተኩላው እጅ

ተኩላዬ በሬ ነበር። ቆዳውን ፍቄ ፍቄ፣
ዓይኑን በመርፌ ወግቼ፣ ጥርሱን በቢላ ሰንጥቄ፣
በሦስት የሸምበቆ ዘንግ አስሬ አቆምኩት፤
አርባ ዓመት ከሸራ ኋላ በሻንሺ መንደሮች አስጮህኩት።

ተረቱ ባዕድ ነው፤ ከየት መጣህ ብዬ አልጠየቅኩትም።
ቀይ ቆብ ያላት ልጅ ነበረች፤ ቆቡ እኛ ጋ አልበረከተም፣
አውልቄ ጣልኩት። ቅርጫቷን በእንፋሎት ዳቦ ሞላሁ፣
በደረቀ ቁርቁራ። ጫካውን ነቅዬ ማሽላ ዘራሁ።
አዳኙንም አሰናበትኩ፤ ጠመንጃው ለመብራቴ ይከብዳል።
ልጅ በሯን ራሷ ትጠብቅ፤ ሁሌ ማን ይደርስላታል?

«እጅሽን በስንጥቁ አሳዪኝ» ትለዋለች ተኩላውን፤
ከሻከረ፣ ከጎረበጠ፣ አትከፍትለትም በሩን።
ሕፃናቱ አብረው ይጮሃሉ፦ «እጅሽን! እጅሽን!»

እናቶቻቸው ዶንግጓን ናቸው፤
ስልክ ውስጥ የሚኖሩ እናቶች፣
እሑድ ማታ ብቅ የሚሉ፣ መስመር ሲደክም ፊታቸው የሚደርቅ እናቶች።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በረዶው ጉልበት ሲደርስ፣
ጎረቤት በሬን ደበደበ፦ «ቻይ፣ ያበላሸኸውን መልስ!»
«ምን አጠፋሁ?»
«ተረትህ ነዋ! የዩንሱ እናት መጥታለች፤
ልጅቱ አልከፍትም ብላ ሰዓት ሙሉ ደጅ አቁማታለች።»
አያትየው እንደሆነች ጆሮዋ ከተዘጋ ሦስት ክረምት አልፏል።

ሄድኩ። ሴቲቱ ቆማለች፤ ሻንጣዋ በረዶ ለብሷል።

«ማነሽ?» ይላል ከውስጥ።
«እናትሽ ነኝ፣ የኔ ዓለም።»
«እናቴ ስልክ ውስጥ ናት። ድምፅዋ እንዲህ አይቀርብም።
እጅሽን አሳዪኝ።»
ሴቲቱ ጓንቷን አወለቀች፣
ጣቶቿን በበሩ ክፍተት ቀስ አድርጋ አሾለከች።
የብየዳ ጠባሳ፣ የሙጫ ቅርፊት፣ የተሰነጠቀ ጥፍር፤
እኔ ከቀረጽኩት ተኩላ ይልቅ የሚሻክር።

ከውስጥ ጸጥ አለ። ትንሹ ዶውዶው ማልቀስ ጀመረ።
አንገቴን ደፋሁ፤ የፈታሁት ተረት በራሴ ላይ ዞረ።

«አባባ ቻይ፣ እዚያ ነህ?»
«አለሁ።»
«እጇ ይሻክራል።»
«ይሻክራል፣ ልጄ። ሌላስ ምን ይሰማሻል?»

ዝም።
በረዶ ጣራው ላይ ሲያርፍ እንኳ ይሰማል።

«ይንቀጠቀጣል» አለች። «ታለቅሳለች መሰለኝ።
አባባ ቻይ፣ ተኩላ ያለቅሳል? እውነቱን ንገረኝ።»

መዋሸት እችል ነበር፤ ውሸት ሙያዬ ነው፣ አርባ ዓመት በልቼበታለሁ።
ምላሴ ግን ከዳኝ፤ እንደ ተማሪ ተንተባተብኩ፣ እንዲህም አልኩ፦
«እኔ እንጃ፣ ልጄ። የሚያለቅስ ተኩላ ቆርጬ አላውቅም።
እንባ የሚወርድበትን ቦታ መርፌዬ ነክቶት አያውቅም።»

መቀርቀሪያው ተንቀጫቀጨ።
ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። የቀረው የነሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት ቆረጥኩ፤ ሻንጣ አላት፣ ጣቶቿን ሆን ብዬ አልፋቅኋቸውም።
አሁን ማታ ሳሳይ በሩ ሁለቴ ይንኳኳል፤ ጥላቸው አይለይም።
«የትኛዋ ናት? የትኛዋ ናት?» ይላሉ።
መብራቱን ዝቅ አድርጌ ዝም እላለሁ።

ዩንሱ ፊት ረድፍ ላይ ናት፤ ከልጆቹ ጋር አትጮህም።
እናቷ ሰኞ ተመልሳ ሄዳለች።
ሰፊ ጓንት አጥልቃለች፣ አንዱን ብቻ፤
የሁለተኛውን አልጠየቅኋትም።