ተቃጥላ ኖራ

ስልኳ ይመራናል፤ ከፊት ሊአት አለች፣
«አባ፣ ሦስት መቶ ሜትር ቀረን» ትለኛለች።
ከቤት ሼሜሽ ጀርባ፣ ከመጨረሻው ፎቅ፣
ለውዙ አብቦ ቆሞ፣ ጭቃው ጫማ ሲያወልቅ።
እኔ ከኋላ ነኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል፤
ሀብት ፍለጋ ብሎ አሮጌ ይዘምታል?
ሀብቱ ደግሞ ምኑ? የላስቲክ ምሳ ዕቃ፣
የማናውቀው ሸሽጎት በደንጊያ በጭቃ።
ደንቡን ነግራኛለች፦ አንድ ነገር አንሣ፣
አንድ ነገር ተው፤ ስምህን ጻፍ፤ አትርሳ፤
እንደ ነበር መልሰህ ሂድ፣ ድምፅ ሳታነሣ።

ቀስቱ ጠፋ ድንገት።
«እዚህ! አይደለም! እዚያ!» እሾህ ልብሷን ይዟት፣
ዛዕታሩን ረግጣ ሽታው ተከትሏት።

እኔ ግን አየሁት።
ከቁልቁለቱ ላይ ክብ ሆኖ የጎደለ፣
ጉድጓድ እንዳይሉት በደንጊያ የተከለለ፣
ውስጡ ጠቁሮ ቀልቶ መስታወት የመሰለ።
ከሥሩ አንድ አፍ አለው፣ ጎንበስ ብሎ ማያ፤
ካሮብ ቆሞበታል ከእሳቱ ማደሪያ።

ሃያ ሦስት ዓመት ግድግዳ ለስኛለሁ።
ጆንያ በምላጭ ቀድጄ፣ ውሃ ጨምሬ አቡክቻለሁ፤
እጄ ተሰነጣጥቆ፣ ቅንድቤ ነጥቶ ቤቴ ገብቻለሁ።
ኖራ ከጆንያ እንደሚወለድ ነበር የማውቀው።

ጃሚል ነው የነገረኝ፣ መወጣጫው ላይ አብረን ዳቦ ስንቆርስ፦
«አያቴ ደንጊያ ያነድድ ነበር፣ ሰባት ቀን እስኪደርስ፤
እሾህ በጀርባው አዝሎ፣ ሌሊት እሳቱ እንዳያንስ።
አንዲት ሌሊት ቢያንቀላፋ፣ ልፋቱ ሁሉ ሊፈርስ።»
የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።
ማቡካቴን ቀጠልኩ።

«የኖራ እቶን ነው» አልኳት። ሊአት ስልኳን ዘጋች።
«ማን ናት እሷ?» አለች።
«ማን?»
«ኖራ ያልካት። እዚህ ኖራ የሄደች።»

አማርኛዋ የተቀደደ ጆንያ ነው፤ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሷል፤
የቀረው ግን አንዳንድ ቀን፣ ከኔ ይልቅ ያውቃል።

«ሲድ» ልላት ነበር፣ በምታውቀው ቋንቋ፣ ባጭሩ።
ከንፈሬ ላይ ቀረ።
ደንጊያ ናት፣ አልኳት፤ እዚህ ገብታ፣
ሰባት መዓልት ሰባት ሌሊት ተቃጥላ፣ ኖራ፣
ውሃ ሲነካት እንደገና ፈልታ፣
ከዚያ ወዲያ በሰው ግድግዳ ላይ ኖራ።

ሣጥኑ ከአፉ ሥር ነበር፣ ከሁለት ጥቁር ደንጊያ መሃል።
የፕላስቲክ ዳይኖሰር፣ የአውቶቡስ ካርድ፣ የዛገ ቁልፍ፤ ደብተሩ እርጥበት ይሸታል።
ሊአት ዳይኖሰሩን ወስዳ የፀጉር ማስያዣዋን ተወች።
እኔ ከሥራ ጃኬቴ አዝራር በጠስኩ፣ ነጭ ያረጀባት፤
ክሯ እንደተንጠለጠለ ከቁልፉ ጎን አኖርኳት።

በዕብራይስጥ፣ በሩሲያኛ፣ የመጣው ሁሉ ጽፏል።
እስክሪብቶው አልጽፍ አለኝ፤ በትንፋሼ አሞቅሁት።
አንድ መስመር ባዶ ዘለልኩ፣ ስሙን ላልጠየቅሁት።
ከሥሩ በፊደላችን፦ ሊአት። ተገኘ።
«ምን ተገኘ?» አለች፣
የገዛ አባቷን ስም እያወቀች፣ እየሳቀች።

ስንመለስ ጭቃው አንድ ጫማዋን ያዘው።
ሁለታችን ጎትተን ነቀልነው።