ጀልባ ጠባቂ

አውቶቡስ አምልጦኝ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣
ቪርፓዛር ድልድይ ሥር፣ ለሰዓት ማስረሻ፣
አንድ ሰሌዳ አየሁ በጠመኔ የተጻፈ፣
አሥራ አምስት ይል የነበር፣ ወደ አሥራ ሁለት ያለፈ፣
ከዚያም ወደ አሥር፤
ዋጋም ያጎነብሳል፣ ገበያ ሲከስር።

ዶብሪላ ትባላለች።
ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሲሞት ያወረሳት
አሥራ አንድ ሰው የምትይዝ አንዲት ጀልባ ናት፣
የአማቷ ስም በነጭ ቀለም ጎኗ ላይ ያለባት።
«ሴትዮዋ ሃያ ዓመት አኩርፋኝ ነው የሞተች፤
አሁን ግን በየጠዋቱ ታዝለኛለች።»

ሕግ አላት፦ «ከአራት ሰው በታች አልንቀሳቀስም።»
ናፍጣው እንኳን ለአንድ ሰው፣ ለሦስትም አይቀመስም።
ያን ቀን ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ሕጓን አየችው፣
ሰማዩን አየችው፣
ገመዱን ፈታችው።

ቀልዶቿ በአራት ቋንቋ ናቸው፣ ቦታ ቦታ የያዙ፦
ሸምበቆው ጋ የጀርመኖቹ፣ መታጠፊያው ጋ የጣሊያኖቹ።
«ለአንድ ሰው ግን ቀልድ አይነገርም» አለች፣
«ሳቅ ጎረቤት ይፈልጋል።»
ስለዚህ ሸምበቆውን በዝምታ፣ መታጠፊያውን በዝምታ አለፍን።
የሞተሩን ድምፅ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤
ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ
ሊናገር ሊናገር ይልና ይተወዋል።

የሐምሌው አበባ ረግፎ ቅጠሉ ብቻ ቀርቷል፣
ድግስ እንዳለቀበት ቤት ሰሃን ውሃው ላይ ተበትኗል።
«ፔሊካን ካላዩ የዋጋው ግማሽ ይመለሳል»
ይላል ሰሌዳው፣ ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል።
ፔሊካን አልመጣም።
አላነሳሁባትም። እሷም አላነሳችብኝም።

ደሴቲቱ ጋ ስንደርስ ደረጃውን አሳየችኝ።
«መቶ አርባ ነው። ላይ ገዳም አለ። ሳትዘገዪ ውረጂ።»
«ምን ይታያል ከላይ?»
«ያምራል ይላሉ።»
«አንቺስ?»
«እኔማ ጀልባ እጠብቃለሁ።»

አሥራ ዘጠኝ በጋ!
ስንቱን እጅ ደግፋ፣ ስንቱን ጫማ አራግፋ፣
ሙሽራ አውርዳ፣ መነኩሴ አውርዳ፣
ተረከዟ እንደ ምስማር የሾለ እመቤት አውርዳ፣
ከሁለተኛው ደረጃ በላይ እግሯ አልረገጠም።
ነፋስ ገመድ ይፈታል፣ ልጆች ሞተር ይነካካሉ፣
የባንኩ ብድር ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል፤
ጀልባ ብቻዋን አትተውም።

«አንቺ ሂጂ» አልኳት፤ «እኔ እጠብቃለሁ።»
ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ቆመ።
ሞተሩን አየች፣ ጫማዬን አየች፣ እጄን አየች
(ብሰርቃትስ የት እደርሳለሁ? መቅዘፍ እንኳ አላውቅ)፣
ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች፣
ወጣች።

ውሃው የጀልባዋን ሆድ በጣቱ ሲያንኳኳ
ሁለት ወጣቶች ደረሱ፣ በላስቲክ ታንኳ፣
ክንዳቸው ዝሎ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ በብርድ።
«ወደ መንደር ስንት ነው?»
«አሥራ ስምንት» አልኩ፤ ከየት እንደ መጣልኝ እንጃ።
«ለሁለታችን?»
«ለአንዳንድ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉልበቷን ይዛ ወረደች፣
ወጣቶቹን ስታይ አልጠየቀችም፣ ታንኳቸውን ኋላ አሰረች።
«እንዴት ነበር?» ዝም።
ሞተሩ ስሎ ስሎ እስኪነሳ ዝም።
ከዚያ፦ «ጣሪያዋ ዝጓል» አለች።
«የጀልባዬ። ከላይ ወለል ብሎ ይታያል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሁሉ ያንን እያየ ወረደ፤
አንድ እንኳ የነገረኝ የለም።»
ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ነፋስም ነበር።

ሸምበቆው ጋ ስንደርስ ቀልዷን ለወጣቶቹ ነገረች፤
አልገባኝም፣ ግን ጎረቤት ሆኜ ሳቅሁ።

ድልድዩ ሥር አምስቱን መልሳ እጄ ላይ አኖረች።
«ስለ ፔሊካኑ» አለች።
ከዚያም ከጡብ መካከል ጠመኔዋን መዘዘች፤
አሥሩን በክርኗ አጠፋች፣
አሥራ ስምንት ጻፈች።