የሁለት መስመር ዋስ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሠላሳ አራት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍት የሌለውን ደረጃ ወጥቼ ስዘልቅ፣
ጄሪካን በአንድ እጄ፣ ላፕቶፕ በጀርባዬ፣
ከምሽቱ አራት ሰዓት ይጀምራል ሁለተኛው ሥራዬ።

ደመወዝ የለበትም። አለቃም የለበት።
የማንም ያልሆነ፣ ስንቱ ኮምፒውተር የሚያድርበት
ትልቅ ቤት አለ፣ በኮድ የታነጸ፤
እኔ አንዷን በር ነው፤ ማን ሰበረ፣ ማን ቀረጸ
ሳላይ አላሳልፍም።

«ሥራህ ግን ምንድን ነው?» ይላል ጋሽ መንበሩ፣
የብሎካችን ጠባቂ፣ እያዛጋ ከበሩ።
«ዘበኛ ነኝ» ስለው ይስቃል እስኪያስለው፤
«ዱላህስ?» ይለኛል። ዱላዬ ማንበብ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ፣ ትርሲት የምትባል፣
ሁለት መስመር ላከች፤ ማስታወሻዋ እንዲህ ይላል፦
«መብራት ድንገት ሲሄድ ፋይሉ ይጠፋል፤
ስሙ አለ፣ መጠኑ አለ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይተርፋል።»

አየሁት። እውነቷን ነው። የኛው ኮድ፣ የቆየው፣
ደረሰኙን ቆርጦ ነው እቃውን የሚያስገባው።
እህሉ ሳይራገፍ «ተረክቤያለሁ» ብሎ
ማኅተም ይመታል፣ የመጋዘን ሹም መስሎ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤
ይሄ ግን አፍሶም አይለቅም፤ «ሞላሁ» ይላል።

መድኃኒቱ? ሁለቱን መስመር ቦታ ማለዋወጥ።
የታችኛው ወደ ላይ። በቃ። ሌላ የለውም ለውጥ።

ሁለት ጊዜ መለስኩባት። አንዴ ስለ ቁልፍ፦
«እዚህ ጋ ስህተት ቢፈጠር ሳይከፈት ነው የሚታለፍ።»
አንዴ ስለ ማስታወሻዋ፦ «ለምን እንደሆነ ጻፊ፤
ለነገ ሰው ነው፤ ምክንያቱን ዘለሽ አትለፊ።»

አልተቆጣችም። ሦስተኛው መጣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ።
አንብቤ ጨረስኩት። እጄ ግን ዘገየ፣ ተጨንቆ።
ሩቅ አገር፣ የማላውቀው ሆስፒታል፣ ማሽኑ ሲነሳ
ስሜ ከሥሩ አለ፣ ማንም ስሜን ባያነሳ።
ፊርማ አይደለም፤ ዋስ መሆን ነው።

እንግዲህ መፈተን አለበት። መብራት መሄድ አለበት።
ኮዬ ቁጭ ብዬ፣ በሳምንት አራቴ በሚጠፋበት፣
ያን ሌሊት ስድስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፤ እንደ ሠርግ ቤት
ቦግ ብሎ አደረ! ጅብ ከሜዳው ማዶ ይጮኻል፤
ሰው ብርሃን ይጠብቃል፣ እኔ ጨለማ። ይሄም አለ ለካ፣ ይቻላል።

ተነሳሁ። ኮሪደር ወጥቼ ቆጣሪው ላይ እጄን ሰደድኩ፤
ባትሪ የሌለው አሮጌ ማሽኔ ሲጽፍ፣ ሲጽፍ፣ ቀጭ! አደረግኩ።
«መብራት ሄደ እንዴ?» አለ ጋሽ መንበሩ፣ መስኮቴን አይቶ።
«እኔ ነኝ ያጠፋሁት!»
ዝም አለ፣ ቆይቶ፣ ቆይቶ።

አሥራ ሰባት ጊዜ አጠፋሁ፤ አሥራ ሰባቴ አበራሁ።
ፋይሉ አለ። ውስጡም አለ። በየተራ ከፍቼ አየሁ።
ከዚያ ከስሟ ሥር ስሜን አኖርኩ፦ አንብቤያለሁ፣ ፈትኛለሁ።
ሰበታ ትኑር ባሕር ማዶ፣ አላውቅም። ዋሷ ሆኛለሁ።

ጠዋት ጄሪካኔን ይዤ ስወርድ
መብራት ሄዶ ነበር፣ የምሩን፤ ሰፈሩ ሁሉ ጭልም።
«ደሞ አንተ ነህ?» አለኝ ጋሽ መንበሩ።
«የለም፤ ይሄኛው ላይ አልፈረምኩም።»