አወራረድ

ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ጀርባ፣ ጎማ ከሚነፋበት፣
ያሮጌ ባትሪ አሲድ መሬቱን ከበላበት፣
አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ፤ ስም አልተጻፈም በበሩ፤
የከሰል መጋዘን ነበር ይላሉ የሰፈሩ።
ግድግዳው እስከ ዛሬ ይሸታል ከሰል ከሰል፤
ማንሻው ከሞተ ኤንትሬ የተነቀለ አክስል፤
ክብደቱ በዘይት ጣሳ የደረቀ ሲሚንቶ፣
አንዱ ጎን በጥቂት ይበልጣል፣ የፈሰሰ ለት ተዛብቶ።
ጋሽ ኑርዬ አውቆ ትቶታል፤ ማስተካከል አላቃተውም፤
«የትም አገር ጭነት» ይላል፣ «ሁለት ጎኑ እኩል ሆኖ አያውቅም።»

እኔ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ፤ በኩንታል የሚቆጠር ዕድሜ፣
እንቅልፌ ከጤፍ ጆንያ፣ ከስኳር ጆንያ ሕልሜ።
ጀርባዬን አምን ነበር፤ ሌላ የማምነው የለኝ።
አንድ ማታ በዚያ በር ሳልፍ ዝምታው ጠለፈኝ፤
ብረት የሞላበት ቤት፣ ቋ የማይል፣ ጓ የማይል፣
አስር ጎረምሳ ትንፋሹን በጥርሱ መሃል ሲከፍል።

ገባሁ። ከጨርቃ ጨርቅ በጡረታ የወጣው ሰው አየኝ፤
ሌባ ጣቱን ማሽን ወስዶታል፤ በሌለው ጣቱ ጠቆመኝ።
«አንሳ» አለ።
ምን አላት! ከአናቴ በላይ ሰቀልኳት፣
እንደ ለመድኩት ከረጢት ከዚያው ከላይ ለቀቅኳት።
ቤቱ ተናጋ። ጣሳው ተሰነጠቀ። ዶሮ ጮኸ በጓሮ።
«መሸከምማ አህያም ትችላለች» አለኝ ፍርፋሪውን ቆጥሮ፤
«ነገ ና። ማውረድ እንጀምራለን።»

ሦስት ወር ሙሉ ማውረድ። ያውም የመጥረጊያ እንጨት።
ቀን ኩንታል የምወረውር፣ ማታ በዱላ የምጫወት።
ወገብ ሳይጎብጥ፣ ጉልበት ቀድሞ፣ እስትንፋስ ሳይቋረጥ፣
የተኛ ሕፃን ሳይነቃ መደብ ላይ እንደማስቀመጥ።
መሬት ሲነካ ቋ ካለ፣ ደብተሩ ላይ አይሰፍርም፤
በዚህ በዚህ ጋሽ ኑርዬ ወላሂ ለወንድሙም አይምርም።

ሐሙስ ሐሙስ በሌሊት ሐረጎን እንወጣለን፣
የሲኖትራክ ጭስና ጉም እኩል እየዋጥን።
ጫፍ ስንደርስ አልጨበጨበም፤ አዞረን ወደ ታች ፊታችንን፦
«ዳገት ሳንባን ነው የሚፈትን፤ ቁልቁለት ነው ጠባይን።»

እኔ እንጃ መቼ እንደገባኝ። አንድ ቀን በሥራ ቦታ
ጆንያው ከትከሻዬ ሲወርድ፣ ሲወርድ በዝግታ፣
ባለመጋዘኑ ዞር ብሎ «አሞሃል እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ።
ማታም የቤቴን በር ስዘጋ፣ ሳልወረውረው፣ ራሴን ታዘብኩ።
ከዘሀራ ጋር ስንጣላ ቃል እንደ ጆንያ ነበር የምጥል፤
አሁን ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ ዝቅ አደርገዋለሁ ስችል።
(ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዴ ጣሳው ይሰነጠቃል።)

ዘንድሮ በሐምሌ፣ ዝናቡ ቦርከናን ባፍ ባፉ ሲሞላ፣
ጋሽ ኑርዬን ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ወደቀ ከበሩ ኋላ።
ምላሱ ተሳሰረ። የቀረው ግራ እጁ፣ ያውም ባለ አራት ጣት።
ልጆቹ ጅዳ ናቸው፤ ተራ ገባን፤ ለኔ ደረሰኝ ንጋት።
ካልጋ ወደ ወንበር። ስልሳ ኪሎ የማይሞላ ሽማግሌ።
በየት በኩል እንደምይዘው ጠፋኝ፣ እኔ ደምሌ፣
የዞን ሜዳልያ ያለኝ።

ክንዴን ከብብቱ ሥር ሰደድኩ፤
በሌለው ጣቱ ጉልበቴን ነካ አደረገ። ጎንበስ አልኩ።
ሁለት ጎኑ እኩል አይደለም። አንዱ ይከብዳል። አውቀው ነበር፤
በዚያ በተዛባ ብረት ስድስት ዓመት ያጠናሁት ቁም ነገር።
አወረድኩት። ወንበሩ ሲጥ አላለም።

ጆሮውን ወደ ወለሉ ዘንበል አድርጎ ቆየ።
ዝናቡ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ በቆርቆሮው ላይ።
ከዚያ በዚያ በታሰረ ምላሱ፣ ቃሉን በግድ እየጎተተ፦
«ተ… ቆጠረ።»

ደብተሩን በዓይኑ አስመጣኝ።
ቀኑን ጻፍኩ።
ኪሎውን ባዶ ተውኩት።