ሌላ ካለ ይግለጹ

መጠይቄ አርባ ሁለት ጥያቄ አለው፣
አማካሪዬ በቀይ አርሞ፣ አርሞ፣ «ይሁን» ያለው።
«ባህል፣ ትምህርትና የሸማቾች ውሳኔ፤
የስፋክስ ከተማ እንደ ማሳያ» ይላል ርእሱ። እኔ
ዙሁር ነኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ ሦስተኛ ዲግሪ ላይ፣
ቁጥር የማምን፣ ሰው ወሬ ሲያበዛ ሰዓቴን የማይ።

ከግንቡ በር ወዲያ፣ ዓሣ ተራውን አልፎ፣
አንድ ጠባብ ሱቅ አለ፣ ደብተር እስከ ጣራው ተቃቅፎ።
ባለሱቁ ሻዝሊ በርጩማ አቀረበልኝ፣
«ጥያቄ ቆሞ አይጠየቅም፤ እግርሽም እግር ነው» አለኝ።

ትምህርት ሊከፈት አምስት ቀን ቀርቶታል።
እናቶች ይገባሉ፣ የመምህሩ ዝርዝር በእጃቸው፣
ልጆች ይገባሉ፣ የሚያብለጨልጭ ቦርሳ ላይ ተሰክቶ ዓይናቸው።

ጥያቄ ሰባት፦ «ዋጋ ውሳኔዎን ምን ያህል ይለውጠዋል?
ከአንድ እስከ አምስት።» ወሲላ ሳቀች። «ይኼም ይጠየቃል?»
(ጠርሙስ አጣቢ ናት፣ ከወይራ ዘይት መጭመቂያው።)
«ርካሹ ደብተር ቀለም ያሳልፋል። ውዱን ስገዛ ደግሞ
ልጄ ይሳሳለታል፤ ባዶውን ይቀመጣል ከርሞ።
ስለዚህ ርካሹን ገዝቼ ውድ ሽፋን አለብሰዋለሁ።
ይኼ ስንት ነው? ሦስት?» ብዕሬን እንዳነሣሁ ቀረሁ።

ጥያቄ አሥራ አራት፣ የንግድ ምልክት።
«ምልክት?» አለ ጡረታ የወጣ የባቡር ሾፌር፣
«እኔ የማውቀው ሻዝሊን ነው፤ ጻፊው በቁጥር!»
ጥያቄ ሃያን፣ የቤት ገቢን፣ የመለሰልኝ የለም፤
ሁሉም ጣራውን ያያል፤ ጣራውም አይናገርም።

የተማርሁበት መጽሐፍ የእኛን ሰው በአንድ ሣጥን አስገብቶ
«የአረብ ሸማች» ይለዋል፤ የት አግኝቶ፣ የት አይቶ?
በዚህ ሱቅ ስድስት ዓይነት አየሁ፣ ገና ረፋድ ሳይሆን፤
ሰባተኛዋ ብስኩት አጎረሰችኝ፣ ሳትጠይቅ ማን እንደምሆን።

ቀትር ላይ ገበያው ረገበ። ሻዝሊ በሩን ገርበብ አድርጎ፣
ከሚዛኑ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ከጨርቆች መሐል ፈልጎ፣
የዱቤ መዝገቡን አወጣ፣ ጠርዙ የእጅ ወዝ የጠጣ።
«ያንቺ ወረቀት የተባለውን፣ ይኼ የተደረገውን ነው» አለኝ፤ ላቤ መጣ።

የሠላሳ ዓመት ተከታታይ መረጃ! እንዲህ ያለ ሲሳይ
የትኛው ተመራማሪ አግኝቷል ከሰማይ?
ገለጥሁ። ሰርግ የበዛበት ዓመት ክፍያው ዘግይቷል፤
ዒድና መስከረም ሲገጥሙ ገጹ በሁለት ቀለም ተጨናንቋል፤
ወይራ ያፈራበት ዓመት፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
መስመሩ ሁሉ ይሰረዛል፣ ስም በስም ላይ ሲታበስ።
ግራፉን በዓይኔ መሳል ጀምሬ ነበር።

ከዚያ፣ ከአንድ መምህርና ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ መሐል፣
የአባቴ ስም። «ታሂር፣ ጫማ ሰፊው» ይላል።
«አንድ ኮምፓስ። አንድ አትላስ፣ ባለቀለሙ። ለልጅቱ።»
አልተሰረዘም። አባቴ ከሞተ ስምንት ዓመቱ።

«እጅ በእጅ ከፍዬ ነው» ብሎ ነበር አትላሱን የሰጠኝ፤
«ዕዳ የለብንም፣ ቀና ብለሽ ሂጂ» ነበር ያለኝ።

ቦርሳዬን ከፈትሁ። ሻዝሊ እምቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣
«አሥራ አንድ ዲናር ከአራት መቶ ሚሊም» አለ፣ ሳይሳቀቅ።
መልሱን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ቆጥሮ ሰጠኝ፤
«ሙት ዕዳ ይዞ አይተኛም» ብሎ ብዕሩን አቀበለኝ።
«እኔ የጻፍሁትን አንቺ ሰርዢው።»
አርባ ሁለት ጥያቄ ያዘጋጀ እጄን አንዲት መስመር አቃተው።
ከ«ጫማ ሰፊው» ጀመርሁ፤ ስሙን አለፍሁት፤
አትላሱ ላይ ስደርስ ቀለሙ አለቀ፤ ወይም አለቀ አልሁት።

ጥር ላይ አማካሪዬ ሠንጠረዥ አራትን ያያል።
«መቶ ሰማንያ ስድስት መላሾች፤ የጎደለ መረጃ፣ አንድ ይላል።
ምንድን ነው?»
«አትላስ» አልሁት።

በጠርዙ ላይ በቀይ ጻፈ፦ ግልጽ አይደለም። ይብራራ።