የመትፊያው ጣሳ

ከቀኑ ዘጠኝ ነው፤ ምግብ ቤቱ ባዶ፣
የማናማ ባሕር እንደ ቆርቆሮ ነዶ።
ኩራታ አራት ዋንጫ ሞሉ በጠረጴዛ፣
መትፊያ ጣሳ ሰጥተው፣ አሉን እንደ ዋዛ፦
«ቅመሱ። ትፉ። ጻፉ።»

አንደኛው ቀዝቃዛ፣ እንደ ምንጭ የጠራ፤
ባዶ ነው ልል ስል ነው ሙዝ ከሩቅ የጠራ።
ሁለተኛው ሞቆ ቀረበ በሸክላ፣
እንጉዳይ እንጉዳይ፣ ጨው ደግሞ ወደ ኋላ፤
ሮዌና «ሾርባ» አለችው። እኔ ሦስት ሰጠሁት፣ ከዐሥር።

ሦስተኛው ድፍርስ ነው፣ ነጭ፣ አተላ ያለ፤
ቅጹን ብገለብጥ ልኩ ቃል የታለ?
ከዳር በእርሳስ ጻፍሁ፦ ጉሽ።
«ምንድን ነው?» ኩራታ። ምን ብዬ ላስረዳ?
«ሳይሰክን፣ ሳይጣራ፣ ለቸኮለ እንግዳ።»
ሳቁና በራሳቸው ፊደል ከጎኑ ጻፉት።

አራተኛውን ሲቀዱ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤
«ሩዙ ተፍቆ ተፍቆ ሲሶው ነው የዋለ።»
ለስላሳ ነው፣ እውነት፤ ጠርዝ የሚባል የለው።
«የተፋቀውስ?» አልኩ፤ «ዱቄቱን ማን በላው?»
ለብስኩት፣ ለከብትም፣ አሉ፤ ጠርሙሱን እየከደኑ።

ቢሽኑ ተፋ። ሮዌናም። የኔ ጣሳ ደረቅ፤
ሰው የቀዳልኝን መትፋቱን ሳላውቅ።

ማታ ሰርቪሱ ላይ ወደ መስኮት ዞሬ፣
ሾፌሩ እንዳይሸተው አፌን በሻሽ አስሬ፣
የሙሐረቅን ድልድይ ስናጋምስ መጣ፣
ያ የናቅሁት፣ ሞቆ ከሸክላ የወጣ፤
እንጉዳዩ፣ ጨዉ፣ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ።
ቅጹ ግን ተሰብስቧል።
ሦስት ነበር ያልሁት። ይቅር በለኝ፤
ስምንት።